«እትዬ፣ ትንሽ ቀን ይታገሱኝ» እንዳትባሉ

ግቢዬ ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ቤት አከራያለሁ። ለዓመታት ወር በገባ ቁጥር ሥራዬ በር ማንኳኳት ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ቴሌቪዥኑን ዝግ ያደርጋሉ፤ እኔም አፍሬ እመለሳለሁ። ቅጣትም ሞክሬያለሁ፣ ያተረፍኩት ኩርፊያ ነው። አሁን በቀኑ ለከፈለ የሚጠቅም ነገር አደርጋለሁ። ከዚህ ውስጥ አንዳንዱ ሳንቲም አያስወጣም።

መጀመሪያ ደመወዝ የሚገባበትን ቀን ጠይቁ። ብዙ አከራይ ይህን ይዘለዋል። አንዷ ተከራዬ የግል ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ደመወዟ በፈረንጅ ወር መጨረሻ ይገባል። ያ በእኛ ከ20 እስከ 25 ባለው ጊዜ ነው። እኔ ደግሞ ኪራይ የምጠይቃት ወር በባተ በ1 ነበር፤ እስከዚያ አስቤዛው፣ ታክሲው፣ እቁቡ ብሩን ተቀራምተውታል። የመክፈያ ቀኗን ወደ 26 አመጣሁት። ከዚያ ወዲህ በሯን አንኳኩቼ አላውቅም።

ቀጥሎ ቅናሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ዓመቱን ሙሉ በቀኑ ከከፈልክ በመጨረሻ ግማሽ ወር በነፃ» ብዬ ነበር፣ አልሠራም። ተከራዩ ኅዳር ላይ አንዴ ቀኑን አሳለፈ፤ ከዚያ በኋላ ሽልማቱ ስለተቃጠለበት ለምን ብሎ ይቸኩላል? ትንሽ ይሁን፣ ግን በየወሩ ይሁን። ኪራዩ 8,000 ብር ከሆነ በቀኑ ለከፈለ 7,800 ይሁን። በዓመት 2,400 ብር ትለቃላችሁ ማለት ነው። ያዋጣል ወይ? ለእኔ አዋጥቶኛል፤ የባንክ ብድር ወይም የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በኪራይ የሚሸፍን ሰው ብሩ መቼ እንደሚገባ ማወቁ ራሱ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቀዋል።

ብር መቀነስ ካልፈለጋችሁ ጥገና ስጡ። ሦስት ወር በተከታታይ በቀኑ የከፈለ ተከራይ፣ ቤቱ ውስጥ እንዲሠራለት የሚፈልገውን አንድ ነገር ራሱ ይመርጣል። አንዱ ተጨማሪ ሶኬት ጠየቀኝ፣ ሌላዋ የግድግዳ መደርደሪያ። ወጪው ቢወጣም ቤቱ የእናንተው ነው። የሚያፈስ ጣሪያና የተበላሸ ቧንቧ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። እሱ ግዴታችሁ ነው፣ ሽልማት ብላችሁ ብታቀርቡት ይሳቅባችኋል። «የጳጉሜን ተውኩልህ» ማለትም እንደዚያው፤ ድሮስ ማን ያስከፍላታል?

መስከረም ለብቻው ይታሰብ። እንቁጣጣሽ አለ፣ ደብተር አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ። ዓመቱን በደህና ለከፈሉኝ የመስከረሙን ኪራይ ለሁለት ከፍዬ እቀበላለሁ፣ ግማሹን በመስከረም ግማሹን በጥቅምት። ብሩ አይቀርብኝም። ተከራዩ ግን ይህችን አይረሳትም፣ ለእህቱ ሳይቀር ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ለፋሲካ ደግሞ አንድ ዶሮ። ከ200 ብር ይልቅ ዶሮዋ ትወራለች፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አሁን ሕጉን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል አይቻልም። ስለዚህ «የስድስት ወር ቀድመህ ክፈልና ልቀንስልህ» የሚባለውን እርሱት። ጭማሪም እንደ ድሮው በአፍ የሚነገር ነገር አይደለም፤ መጀመሪያ ኪራይ ሰቅሎ ከዚያ «ቀነስኩልህ» ማለት ሕጉም ተከራዩም አይቀበለውም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆኑ ደግሞ ለእኛ ጥሩ ነው። በቴሌብር ሲልክ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ይመጣል፣ «ከፍያለሁ»፣ «አልከፈልክም» ብሎ ጭቅጭቅ የለም።

ያሰባችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ቀኑ፣ ቅናሹ፣ ጥገናው። ግቢው ውስጥ ብዙ ተከራይ ካለ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ለአንዱ በጓሮ የሰጣችሁት ነገር ማታውን ሌላው ጆሮ ይደርሳል፣ ከዚያ ሐሜቱን ማን ይችለዋል? ብሩ የገባ ዕለት ደግሞ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ደርሶኛል፣ 200ው ተቀንሷል፣ እናመሰግናለን።»

የዘገየ ሰው ቅናሹ ይቀርበታል እንጂ ሌላ ነገር አልናገረውም። ባለፈው ግን አንዱ አገር ቤት ለቅሶ ሄዶ በአምስት ቀን ዘገየብኝ። መጥቶ 8,000 ሙሉውን ላከ። 200ዋን መልሼ ላክሁለት፤ ሌሎቹም ሰምተዋል፣ ማንም «ለእኔስ?» አላለም።