መብራት ጠፍቶ አኳሪየምዎ ሲቀዘቅዝ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በህዳርና በታህሳስ ውርጭ ደሴ ላይ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ከጠፋ፣ 25 ዲግሪ የነበረው ውኃ ጠዋት 18 ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ጉፒ የሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎች ክንፋቸውን አጣጥፈው ታች ተኝተዋል። ብርዱን ችሎ ያደረ ዓሣ ጠዋት በእኛ ጥድፊያ ሲሞት በጣም ያሳዝናል።

ትልቁ ስህተት ሙቅ ውኃ ገልብጦ ቶሎ ለማሞቅ መሞከር ነው። ሙቀቱ በሰዓት ከ1 ዲግሪ በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ዓሣው ደግሞ ሰውነቱ ሲነቃ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃው ከመነሻውም የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው። ስለዚህ ለብ ያለ ውኃ በሃይላንድ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው ገንዳው ላይ ያንሳፉት። ቴርሞሜትሩን እያዩ ያውጡት፣ ይመልሱት። ገንዳውን በጋቢ ይሸፍኑ፤ ከላይ ግን አየር መግቢያ ይተዉለት። ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ ውኃውን በኩባያ እየጨለፉ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ።

ክፍሉን ዘግቶ ከሰል ማንደድማ ፈጽሞ አይሞከርም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል።

መብራት ሲመጣ ፊልተሩን ዝም ብለው አይሰኩት። ስፖንጁ ውስጥ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ውኃ ሳያልፍባቸው ለሰዓታት ከቆዩ ኦክስጅን አጥተው መሞት ይጀምራሉ። ከፍተው ያሽቱት። ከሸተተ፣ ፊልተሩ ውስጥ የቀረውን ውኃ ደፍተው ስፖንጁን ከገንዳው በቀዱት ውኃ ያለቅልቁት። በቧንቧ ውኃ ካጠቡት ክሎሩ የተረፉትን ይጨርሳቸዋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ብርዱ ይቀላችኋል፣ የፊልተሩ ነገር ግን እናንተንም ይመለከታል።

ማሞቂያውንም እስከ ጥግ ማዞር ውኃው ቶሎ እንዲሞቅ አያደርግም፤ ከልክ በላይ ያሞቀዋል እንጂ። ውኃው 18 ከሆነ 20 ላይ ያድርጉት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ይጨምሩ።

ራባቸው ብሎ መመገብም ይቅር። በብርድ ጊዜ ምግብ አይፈጭላቸውም፤ የተረፈውም በስብሶ ውኃውን ይመርዛል። ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ጥቂት ቀን ሳይበላ ይቆያል።

የባሕር ውኃ ገንዳ ያለው ሰው ኮራሉ (የባሕር እንስሳ ነው) ተኮማትሮ ቢያይ ሞቷል ብሎ አይጣለው። ነፍስ ለመዝራት ቀናት ሊወስድበት ይችላል።

በመጨረሻ፣ ዓሣዎቹ ሳይታመሙ መድኃኒት አይጨምሩ። በተለይ መዳብ ያለበት መድኃኒት ሽሪምፕንና ኮራልን ይገድላል። ይልቅ አንድ ሁለት ሳምንት ክንፋቸውንና ጎናቸውን ይመልከቱ። እንደ ጨው ቅንጣት ያለ ነጭ ነጥብ ሲያዩ ያኔ ሕክምናውን ይጀምሩ።