ፓወር ሳፕላይ ቮልዩሙን አልሰማ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ፊውዝ፣ ሶኬትና የላላ ሽቦ ታይቷል ብለን እንጀምር። የምናወራው ለሞባይልና ለቦርድ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጠው፣ የሚያወጣው ቮልት በቮልዩም (በሚዞረው ማስተካከያ) ስለሚመረጠው፣ በ24 ቮልት ትራንስፎርመር ስለሚሠራው፣ እስከ 30 ቮልትና እስከ 3 አምፔር ስለሚሰጠው ሳፕላይ ነው፤ በቻይና ኪት የተገጣጠመም ይሁን በባዶ ቦርድ ላይ የተበየደ።

ቮልዩሙ ቢዞርም ባይዞርም መውጫው 32 ቮልት ላይ ተቸንክሯል

በብዛት የሚመጣው ይሄ ነው። ዋናው ትራንዚስተር፣ ብዙ ጊዜ 2ኤን3055 ወይም ዲ1047፣ ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር (ከረንቱ ከሚገባበት እግር ወደሚወጣበት) ሾርት ሆኗል። 24 ቮልቱ በብሪጅ (ኤሲውን ዲሲ በሚያደርጉት አራት ዳዮዶች) እና በካፓሲተር ሲያልፍ 34 ገደማ ይደርሳል፤ ዳዮዶቹ ሁለት ቮልት ያህል ይወስዱና የቀረው ያለ ከልካይ ወደ መውጫው ይሄዳል። 4 ቮልት ይጠብቅ የነበረ የሞባይል ቦርድ 32 ቮልት ሲደርሰው ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ፊውዙ የሚበጠሰው ቦርዱ ካለቀ በኋላ ነው።

ለማረጋገጥ መብራቱን ንቀሉ፤ ትልቁን ካፓሲተር በ470 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ለግማሽ ደቂቃ አራግፉ። በካቻቢቴ ጫፍ የሚያራግፍ ሰው ካቻቢቴውንም ካፓሲተሩንም ያበላሻል። ከዚያ ትራንዚስተሩን ነቅላችሁ ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ (2ኤን3055 ላይ ኮሌክተሩ ራሱ የብረት ቆቡ ነው)። ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ካሳየ ሞቷል። ሲሞት አንቀሳቃሹን ትንሹን ትራንዚስተር ይዞት መሄድ ይወዳል፤ እሱን ሳትለኩ አዲስ ብትገጥሙ አዲሱም በዚያው ቀን ይከተላል።

ለምን ይሞታል? ብዙ ሰው ሳፕላይ የሚጨነቀው 30 ቮልት ሲያወጣ ይመስለዋል። የሚቃጠለው ግን 1 ቮልት ሲያወጣ ነው። ሞባይል የሚሠሩ ልጆች ሾርት ያለበትን መስመር ለማግኘት ቦርዱ ላይ ሮሲን ያጨሱና 1 ቮልት በ3 አምፔር ይለቁበታል፤ የሞቀው ካፓሲተር ላይ ያለው ነጭ ሮሲን ቀልጦ ቦታውን ያሳያል። ዘዴው ጥሩ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ቀሪው 31 ቮልት ያለው ትራንዚስተሩ ላይ ነው፤ 31 በ3 ሲባዛ 93 ዋት። 2ኤን3055 ላይ የተጻፈው 115 ዋት ቆቡ 25 ዲግሪ ላይ ሲሆን ብቻ የሚሠራ ቁጥር ነው። ቆቡ 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚፈቀደው ወደ 65 ዋት ይወርዳል። ይሄ የኦርጅናሉ ሒሳብ ነው።

ፎርጅዱ ሌላ ጉድ ነው። ቆቡን በመጋዝ ብትከፍቱት ውስጡ ያለው ቺፕ ከኦርጅናሉ በጣም ያነሰ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጽሑፉ ያማረ ነው፣ ሻጩም ኦርጅናል ነው ይላል፤ ኦርጅናል አይደለም ያለ ሻጭ መቼ ታይቶ ያውቃል? ምናለሽ ተራ ከሚገኝ አሮጌ አምፕሊፋየር የተነቀለ ያገለገለ ትራንዚስተር ከአዲሱ የተሻለ እምነት ይጣልበታል፤ ሂት ሲንኩንም (የሚያቀዘቅዘውን ብረት) አብራችሁ ውሰዱት።

መፍትሄው አንዱን በአንድ መተካት አይደለም። ሁለት ትራንዚስተር ጎን ለጎን ግጠሙ፤ ቤዝ ከቤዝ፣ ኮሌክተር ከኮሌክተር፣ እያንዳንዱ ኤሚተር ላይ ግን የየራሱ 0.22 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር። ሬዚስተሩን ከዘለላችሁት ቀድሞ የሞቀው ከረንቱን ሁሉ ለብቻው ይጎትትና ይሞታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትራንስፎርመሩን 12-0-12 ማድረግ ነው። ሁለቱ ዳር ሽቦዎች 24 ይሰጣሉ፣ አንዱ ዳርና መሃሉ 12። ከ10 ቮልት በታች ስትሠሩ በማብሪያ ማጥፊያ ወደ 12 አዙሩት፤ ያ 93 ዋት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ማብሪያ ማጥፊያው 10 አምፔር የሚችል፣ አንዱን ለቆ ሌላውን የሚይዝ ይሁን። ሳይለቅ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ የትራንስፎርመሩን ግማሽ ጥቅል ሾርት ያደርገዋል።

ሂት ሲንኩን በትራፓን ስትበሱ የቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አለስልሱ፤ ሚካውን (ትራንዚስተሩን ከሂት ሲንኩ የሚለየውን ስስ ማገጃ) የሚበሳው ያ የብረት ጥርስ ነው። ሙቀት አስተላላፊውን ፔስት በሚካው በሁለቱም ፊት በስሱ ቀቡ። ብሎን ካጠበቃችሁ በኋላ ከቆቡ ወደ ሂት ሲንኩ ለኩ፤ ቴስተሩ ምንም ማሳየት የለበትም። ማራገቢያ የግድ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሂት ሲንክ በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ያህል አያቀዘቅዝም። ማራገቢያውን በአሮጌ ራውተር 12 ቮልት አዳፕተር ለብቻው አስነሱት፤ ከ32 ቮልቱ ላይ አትቀጥሉት።

የደንበኛ ስልክ ከመንካታችሁ በፊት ከረንቱን 3 አምፔር ላይ ገድባችሁ፣ መውጫውን ሾርት አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ተዉት። ፎርጅድ ከሆነ እዚያው ይለይለታል።

ማታ ማታ 28 ቮልት አልሰጥም ይላል፣ ይጮሃል

ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ መስመሩ ወደ 180 ቮልት ይወርዳል፤ 32ቱም 26 ይሆናል። ቀን ቀንም የሚጮህ ከሆነ ካፓሲተሩ አንሷል። 4700 ማይክሮፋራድ በ3 አምፔር 6 ቮልት ያህል ይዋዥቃል፤ 10000 አድርጉት።

ኪቱ ላይ ቮልቱ ራሱ ይዋልላል

ጥፋቱ የቲኤል081 ነው፤ ቮልቱንና ከረንቱን የሚቆጣጠረው ትንሹ አይሲ። የሚችለው 36 ቮልት ነው፤ እዚህ ኪት ላይ ከኔጌቲቭ ቮልቱ ጋር ሲደመር 38 ይደርስበታል። ሦስቱንም በቲኤልኢ2141 ቀይሩ፤ 44 ይችላል።

ቮልዩም ሲዞር ቁጥሩ ይዘላል

ቮልዩሙ አልቋል፣ ቀይሩት። በኤልኤም317 የተሠራ ከሆነ ዛሬውኑ፤ ውስጡ ከተቋረጠ ሙሉው ቮልት ይወጣል።

ያለ ሥራ ትራንስፎርመሩ ይሞቃል

የዩፒኤስ ትራንስፎርመር ነው። የተሠራው ለደቂቃዎች እንጂ ሙሉ ቀን ለመዋል አይደለም።

ካፓሲተሩ አብጧል

35 ቮልት የተጻፈበት ነው የተገጠመው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ያውም ምንም ሳይጫንበት፣ ከ40 ሊያልፍ ይችላል። 63 ግጠሙ።