ውሃ እየጠጣ የሚገረጣ ተክል

ውሃ አልጎደለበትም፣ ብርሃንም ያገኛል፤ ቀለሙ ግን እየሄደ ነው። ማዳበሪያ ከመጨመራችሁ በፊት ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ቅርፊት ከያዘና ሳሙናም ቶሎ አረፋ የማያወጣ ከሆነ የቧንቧ ውሃችሁ ካልሲየምና ማግኒዢየም በዝቶበታል።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ

ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሱት። በቢጫው መሃል አረንጓዴ መረብ የተዘረጋ ይመስላል። ይሄ የብረት እጥረት ነው። መጀመሪያ የገረጣው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከሆነ ግን የናይትሮጅን እጥረት ጠርጥሩ።

ጥፋቱ በአብዛኛው የካልሲየሙ አይደለም። አብሮት በውሃው ውስጥ የሚመጣው ባይካርቦኔት የሚባል ውህድ የአፈሩን ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያውን፤ ከፍ ሲል አሲዱ ቀነሰ ማለት ነው) ቀስ በቀስ ከፍ ያደርገዋል። ፒኤቹ ከ7 ሲያልፍ ብረት አፈሩ ውስጥ ቢኖርም ሥሩ እንደልቡ አያገኘውም። እኔ ይሄን ሳላውቅ የጋርዴኒያ አበባዬ ላይ ማዳበሪያ ስደራርብ ከረምኩ። ቢጫው አልለቀቀም፤ ጭራሽ የቅጠሉ ጫፍ ተቃጠለ። በጣም ነው ያዘንኩት።

መፍትሄው ውሃውን መቀየር ነው። የዝናብ ውሃ ካላችሁ እሱን የሚያክል የለም፤ ካነሰ ከቧንቧው ጋር እኩል ቀላቅሉት። ካልሆነ ጥቂት ደቂቃ አፍሉና አቀዝቅዙ፣ ከሥር የዘቀጠውን ነጭ ነገር ትታችሁ የላዩን አጠጡ። ለተጎዳው ተክል ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚል የተጻፈበት የብረት ማዳበሪያ ስጡ፤ ፒኤች ከፍ ባለበት አፈርም ይሠራል። ለውጡን በሚወጣው ቅጠል ላይ ጠብቁ።

አፈሩ ወይም የማሰሮው ጠርዝ ነጭ ከሆነ

አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከተንጨረጨረ ከውሃው የቀረ ኖራ ነው፤ ዝም ካለ የማዳበሪያ ጨው ሊሆን ይችላል። በሁለቱም የላዩን አፈር 2 ሳንቲሜትር ያህል አንስታችሁ በአዲስ ተኩ። ከዚያ ከታች እስኪፈስ በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ከማሰሮው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ አውጥታችሁ ድፉት።

ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ከታየ

ብዙ ጊዜ ውሃ ስትረጩበት የቀረ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። በዝናብ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት።

ብዙ ሰው ውሃውን አሳድሮ ያጠጣል። ማሳደር ክሎሪን ይቀንሳል እንጂ ካልሲየሙን አይነካም። ቤታችሁ በጨው የሚሠራ የውሃ ማለስለሻ ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ካልሲየሙን በሶዲየም ነው የሚተካው፣ ሶዲየም ደግሞ ለተክል የባሰ ነው። ለአትክልት ከማሽኑ በፊት ካለው ቧንቧ ቅዱ።

ደጅ መሬት ላይ ያለው አብዛኛው ተክል እንዲህ ያለውን ውሃ ይችለዋል፤ አፈሩ ብዙ ነው፣ ዝናብም ያጥበዋል። የምትለፉለት ማሰሮ ውስጥ ላለው፣ በተለይ አሲዳማ አፈር ለሚወዱት ለጋርዴኒያና ለአዛሊያ ነው።