በሣር መካከል የተገኘ የጥንቸል ግልገል፦ መቼ ይተዋል፣ መቼ ይነሣል?

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የመኖሪያ ሰፈሮች ከመጋቢት እስከ መስከረም ባሉት ወራት የግቢውን ሣር የሚያጭድ ሰው፣ በደረቅ ሣርና በለስላሳ ጸጉር የተሸፈነች ትንሽ ጉድጓድ ሊያጋጥመው ይችላል። በውስጧ ተደራርበው የተኙት ኮተንቴይል የሚባለው የዱር ጥንቸል ግልገሎች ናቸው። እናቲቱ በአካባቢው አለመታየቷ ብዙ ሰው «ተጥለዋል» ብሎ እንዲደመድም ያደርገዋል። ነገር ግን እናት ጥንቸል ቀኑን ሙሉ ከግልገሎቿ ጋር አትውልም፤ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ መጥታ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አጥብታ ትሄዳለች፤ አጠገባቸው ብትቆይ ቀበሮና ድመት ወደ ጎጆው ትስብ ነበርና። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍቶ የተገለጠውን ሣርና ጸጉር መልሶ ማልበስ እንጂ ካርቶን ፍለጋ መሮጥ አይገባም።

ቀጥሎ ዕድሜውን መገመት ያስፈልጋል። አዲስ የተወለደ ኮተንቴይል ዐይኑ የተጨፈነ፣ ጆሮው ከራሱ ጋር የተጣበቀ፣ ጸጉሩም ቆዳው እስኪታይ ድረስ የሳሳ ነው። ዐይኑን የሚገልጠው ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ሦስት ሳምንት ሲሞላው ከጎጆው ወጥቶ ራሱን ይችላል። ሰዎችን በብዛት የሚያሳስተው ይኸኛው ነው፤ ቁመቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ሕፃን ይመስላል። ጆሮው ከቆመ፣ ዐይኑ ከተገለጠ፣ ሲቀርቡትም ከሸሸ ግን ምንም እርዳታ አይፈልግም።

ሄር የሚባለው ወገን ከዚህ ይለያል። ግልገሉ ሲወለድ ጸጉሩን ለብሶና ዐይኑን ገልጦ ነው፤ የተሠራ ጎጆም የለውም። በኢትዮጵያ ሜዳና ተራራ የምናያቸው የዱር ጥንቸሎች ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ፣ በባሌ ተራሮችና በሸዋ ደጋ የሚገኘው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አይኖርም። በአሜሪካ ምዕራብ ያለው ጃክራቢትም ስሙ ቢያደናግርም ሄር ነው። ግልገሎቹ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተለያይተው እያንዳንዳቸው በየሣሩ ሥር ይተኛሉ፤ እናታቸው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መጥታ ታጠባቸዋለች። ስለዚህ ብቻውን ጸጥ ብሎ የተኛ የሄር ግልገል የተጣለ ሳይሆን የተደበቀ ነው። እረኛ ወይም ልጆች አንሥተው ቤት ካመጡት ሳይመሽ እዚያው ባገኙበት ቦታ መመለስ ይሻላል። «የሰው ሽታ ከነካው እናቱ አትቀበለውም» የሚባለው እውነት አይደለም።

የኮተንቴይል እናት መምጣት አለመምጣቷ የሚያጠራጥር ከሆነ፣ ቀጫጭን እንጨቶችን ወይም ክር በጎጆው ላይ አመሳቅሎ እስከ ማግስቱ ጠዋት መተው ነው። እንጨቱ ከተዛነፈና የግልገሎቹ ሆድ ሞላ ካለ አጥብታቸዋለች። እንጨቱ እንዳለ ሆኖ ግልገሎቹ ከቀዘቀዙ፣ ሆዳቸው ከጎደለና ቆዳቸው በቀስታ ቆንጠጥ ሲደረግ ቶሎ የማይመለስ ከሆነ ግን እርዳታ ያሻቸዋል። ጥንቸሎች ቱላሪሚያ የተባለ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ሲነኩ ጓንት ማድረግ፣ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል።

ሳይዘገይ መነሣት ያለበት የሚደማ፣ እግሩ የተሰበረ፣ የዝንብ እንቁላል የሰፈረበት፣ እናቱ ሞታ የተገኘች ወይም ድመት በአፏ የያዘችው ግልገል ነው። የድመት ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል፦ ጥርሷ የተወው ቀዳዳ ከጸጉሩ ሥር ባይታይም በምራቋ ያለው ባክቴሪያ ግልገሉን በጥቂት ቀናት ሊገድለው ስለሚችል አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ ለስላሳ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ በአንድ ወገን ብቻ ይቀመጣል፤ ግልገሉ ሲሞቀው ወደ ሌላው ወገን እንዲሸሽ ነው። ካርቶኑ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ክፍል ይቀመጥ። ማባበልና ማሻሸት ለእኛ ርኅራኄ ቢመስለንም ለእርሱ የአዳኝ መዳፍ ነው፤ በድንጋጤ ብቻም ሊሞት ይችላል። የላም ወተት ሆዱን ያበላሸዋል፤ በጠብታ የሚሰጥ ውሃም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከዚያ ፈቃድ ላለው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ መደወል ነው፤ የክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ስማቸውን ይሰጣል። በብዙ ክፍለ ግዛቶች የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ ማሳደግ በሕግ የተከለከለ ነው።

ግልገሎቹ ጤነኞች ከሆኑና ጎጆው ግቢው መካከል ካለ፣ ዙሪያውን በእንጨት ምልክት አድርጎ ጥቂት ሜትር ያህል ሣር ሳያጭዱ ማቆየት ይበቃል፤ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ነው። ጎጆውን ራቅ አድርጎ ማዛወር አይመከርም፤ እናቲቱ የምትፈልጋቸው በተወቻቸው ቦታ ነውና። ውሻ ያለው ሰው ውሻውን በማሰሪያ ይዞ ያውጣ፤ ይህ ካልተቻለ ውሻው ግቢ በሚወጣበት ሰዓት ጎጆውን በተገለበጠ ቅርጫት ከድኖ ድንጋይ ይጫንበት፤ ነገር ግን እናቲቱ እንድትገባ ቅርጫቱ ሳይመሽ መነሣት፣ እስኪነጋም ድረስ ሳይመለስ ማደር አለበት።