አሮጌ የሸክላ አበባ መትከያን ለበረንዳ ቀለም ቀብቶ ማደስ

አዳማ ውስጥ በብዙ ግቢዎች ጥግ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ዱቄት የወጣበት አሮጌ የሸክላ አበባ መትከያ አይጠፋም። ጀበና ሲገዛ እንደሚደረገው በጣት አንጓ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነውና አይጣሉት። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ግን ተሰንጥቋል ማለት ስለሆነ ቀለም አያድነውም።

አፈሩን አራግፈው መትከያውን በጠንካራ ብሩሽ ይጠቡ። ነጩ ዱቄት በውሃና በማዳበሪያ ውስጥ የነበረ ጨው ሲሆን፣ ውሃው በሸክላው ግድግዳ ሰርጎ ከውጭ ሲተን ትቶት የሚሄድ ነው። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው ለግማሽ ሰዓት ካረጠቡት በኋላ ሲፈትጉት ይለቃል። በረኪና ከአቼቶ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ቀጥሎ ያለው ማድረቅ ነው፤ እኔም የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን መትከያ ጠዋት አጥቤ፣ የአዳማ ፀሐይ እስከ ቀትር አድርቆታል ብዬ ከሰዓት በኋላ በዘይት ቀለም ቀባሁት። በወሩ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጥሮ ተነሳ፤ በጣቴ ስነካውም በሰፊው ተላጠ። ላዩ ቢደርቅም ግድግዳው ውስጥ ውሃ ነበረ፤ በኋላም አበባውን ባጠጣሁ ቁጥር እርጥበት ከውስጥ እየገፋ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን አነሳው። በረንዳ ላይ ያለን መትከያ የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ ይህ ከውስጥ የሚመጣ ውሃ ስለሆነ፣ አሁን ቢያንስ ለ3 ቀናት ፀሐይ ላይ አቆየዋለሁ። መድረቁን ለማረጋገጥ ማታ የፌስታል ቁራጭ ጎኑ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ያሳድሩት፤ ጠዋት ከፌስታሉ ሥር ጤዛ ካዩ ገና ነው።

ሲደርቅ የውጭውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፍቀው ብናኙን ይጥረጉ። የውስጡን ግድግዳ ደግሞ ውሃ በማያሳልፍ ቫርኒሽ 2 ጊዜ ይቀቡ፤ ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ ግን እንዳይደፍኑት። ይህን ደረጃ ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ መዝለል የመጀመሪያውን ስህተቴን መድገም ነው።

ለውጭው በውሃ የሚበጠበጥ የውጭ ግድግዳ ቀለም ከዘይት ቀለም ይሻላል፤ የተረፈውን ጥቂት እርጥበት ያስተነፍሳልና። ወፍራም አንድ ጊዜ ከመቀባት ስስ አድርጎ 2 ጊዜ መቀባት ይመረጣል፤ ሁለተኛው የሚቀባው የመጀመሪያው ሲነኩት እጅ ላይ የማይለጠፍ ሲሆን ነው። ርካሽ ብሩሽ ፀጉሩን ቀለሙ ላይ እየጣለ ያስመርራል፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። ጥለት ማውጣት ከፈለጉ በሁለተኛው ላይ በቀጭን ብሩሽ ይሥሩ።

አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ናት፤ ነፋሱ አቧራ አንሥቶ እርጥብ ቀለም ላይ ያለጥፋል፤ የቀትር ፀሐይም ቀለሙን ብሩሹ ሳይነሣ ያደርቀዋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከግድግዳ ከለላ ሥር መሥራት ይሻላል።

አፈር ከመሙላትዎ በፊት አንድ ሳምንት ይታገሡ። ውስጡ የታሸገ መትከያ እንደ ቀድሞው በጎኑ ስለማይተነፍስ ውሃ ቀንሰው ያጠጡ፤ ሥሩንም በ3 ትንንሽ የጡብ ስባሪዎች ከወለሉ ከፍ ያድርጉት፣ ቀዳዳው በነፃነት እንዲያንጠባጥብ።