በጥየቃ ሳምንት የማንደግማቸው ስህተቶች

ከወሩ ሁሉ የሚያዋክበኝ ሳምንት ከ19 እስከ 23 ያለው ነው። በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ። በመሀል ጽዋ ማኅበር አለ፣ የታመመ አለ፣ የወለደች አለች፣ ለቅሶ አለ። ፒያሳና 4 ኪሎ አካባቢ ስኖር በማኅበራችን የጥየቃውን ኃላፊነት ይዤ ብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ። ዘንድሮ አዳዲስ ልጆች ተቀላቅለውናል። ልባቸው ንጹሕ ነው፣ እወዳቸዋለሁ። ግን ያው ስህተት ሲደጋገም ዝም ማለት አቃተኝ።

ዋናው በአንድ ቀን አራት ቤት ለማዳረስ መሞከር ነው። «ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት ሁለት» ብለው ይነሳሉ። ሰው ግን እንግዳ ሲመጣበት ቡና ያፈላል! ቡና ደግሞ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሦስቴ ተቀድቶ ነው የሚያልቀው። አቦል ጠጥታችሁ ሰዓት ካያችሁ የሄዳችሁት ለጥየቃ አይደለም፤ መጣን ለማለት ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እንደዚያም ሆኖ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ አምስት ስኒ ደርድረው ጠበቁኝ። የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አቦሉን ጠጣሁና «እማማ፣ ሌላ ቤት እየጠበቁኝ ነው» ብዬ ተነሳሁ። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል ለቶናው ጀበናው ላይ ውሃ እየጨመሩ ነበር። ማን ሊጠጣው? ያቺ ጀበና እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ከዚያ ወዲህ በቀን አንድ ቤት፣ ቢበዛ ሁለት ነው የምሄደው። በረካ ሳልጠጣም አልነሳም። በአቦል ላይ ሁሉም ሰው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። መድኃኒቱ ማለቁን፣ ልጅ መደወል መተዉን የሚነግሯችሁ ከቶና በኋላ ነው።

ሰፈሩ እንደ ድሮው ያለ ይመስል ማቀድም አለ። በ2016 ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ጎረቤቶቻችን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ሄዱ። በነጠላ ጫማ ብቅ የምንልበት ቤት ዛሬ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በጠዋት ውጡ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የታክሲ ሰልፉ አያድርስ ነው። የብሎክ ቁጥሩን ከቤት ሳትወጡ ጻፉት፤ እዚያ ደርሳችሁ ኔትወርክ እንቢ ካለ ፎቅ ለፎቅ መንከራተት ነው። ደግሞ ብዙዎቹ ለ23 አራዳ ጊዮርጊስን ለመሳለም ይመጣሉ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ጠብቁና አግኟቸው። ጥግ ይዘን አንድ ሰዓት አውርተን፣ አልቅሰንም ስቀንም የተለያየንበት ቀን ብዙ ነው።

ረቡዕና ዓርብ ኬክ ይዛችሁ አትሂዱ። በበዓለ ሃምሳ ካልሆነ በቀር ጾም ነው፤ ወተትና እንቁላል ያለበትን ነገር ጾመኛ ቤት ምን ያደርገዋል? ብርቱካን ያዙ፣ ስኳር ያዙ፣ ቡና ያዙ።

«ጥየቃ አለብኝ» ብሎ «እትዉ በሰላም» ሳይባል ከቅዳሴ ሾልኮ መውጣት ነውር ነው።

ለቅሶ ቤት «በምን ሞተ?» አይባልም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላችሁ ተቀመጡ። ማውራት ከፈለጉ ራሳቸው ያወራሉ። ደግሞ ሁላችንም የምንጎርፈው እስከ ሠልስት ነው። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ወንበሩ ለእድር ተመልሶ፣ ቤቱ ጭር ሲል ነው ሰው የሚጠፋው። ያኔ ተመለሱ።

የመንገዱን ንዴት ይዞ መግባትስ? ባለፈው አንዱ ልጃችን አንድ ሰዓት ተሰልፎ፣ በፀሐይ ተጠብሶ የታመመች እህታችን ቤት ደረሰ። ገና ሳይቀመጥ ስለ ታክሲው፣ ስለ ተቆፈረው መንገድ፣ ቤቱ ውሃ ከጠፋ አራት ቀን ስለሆነው ማማረር ጀመረ። ያማረረበት ሁሉ እውነት ነው። ግን ትራስ ተደግፋ «አይዞህ የኔ ወንድም» እያለች ስታጽናናው የነበረችው እሷ ነበረች። ስትደርሱ ደጅ ላይ ትንሽ ቁሙ። ላባችሁን ጥረጉ፣ ውሃ ተጎንጩ፣ ከዚያ አንኳኩ።

የመጨረሻው መብራት ነው። ብዙ እናቶች ቡና የሚያፈሉት በኤሌክትሪክ ምድጃ ስለሆነ መብራት ከሄደ በእንግዳ ፊት ይጨነቃሉ። እኔ ትንሽ ከሰል በፌስታል ቋጥሬ ይዤ ነው የምሄደው። «እማማ፣ ዛሬ የማፈላው እኔ ነኝ» እላለሁ፤ እሳቸው ቁጭ ብለው ቡናው በደንብ እንዳልተቆላ ይነግሩኛል።