የምርጫ ውርርድ ዋጋ እንዴት ይነበባል? ሳልወራረድ የተማርኩት

በምርጫ ተወራርጄ አላውቅም። ምርጫ በመጣ ቁጥር ግን የትንበያ ገበያዎችን ሳልከፍት አልውልም። ለእኔ የሰዎችን ሐሜት ከመስማት ይሻላል፤ እዚያ የሚያወራው ሰው ቢያንስ ኪሱን አስይዟል።

አሠራሩ ቀላል ነው። «እገሌ ያሸንፋል» የሚል ውል ይሸጣል። እገሌ ካሸነፈ ውሉን የያዘ ሰው 1 ዶላር ያገኛል፣ ከተሸነፈ ባዶ እጁን ይቀራል። ውሉ 62 ሳንቲም ከሆነ ገበያው ለእገሌ 62 በመቶ ያህል የማሸነፍ ዕድል ሰጥቶታል ማለት ነው። ነገሩ የትናንት አይደለም። የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1988 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) የጀመረው የምርምር ገበያ አለ። አሁን ስማቸው የሚነሳው ፖሊማርኬትና ካልሺ ናቸው።

ገጹን ከመክፈቴ በፊት ግን አንድ ነገር አደርጋለሁ። የራሴን ግምት በቁጥር ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ዋጋውን አንዴ ካየሁት በኋላ «እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው» ማለት ይቀናኛል። ራሴን አውቀዋለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ 62 በመቶ ዕድል ማለት 62 በመቶ ድምፅ ማለት አይደለም። በሕዝብ አስተያየት ጥናት 52 ለ48 የሚመራ ሰው፣ ምርጫው ከተቃረበና መሪነቱ ካልተናጋ፣ በገበያው 80 ሳንቲም ሊያወጣ ይችላል። ጥናቱ የሚለካው የድምፁን ልዩነት ነው፣ ገበያው የማሸነፍ ዕድሉን።

ቀጥሎ ሒሳብ። የተወዳዳሪዎቹን ዋጋ ደምሩ። አንዱ 55፣ ሁለተኛው 34፣ ሦስተኛው 8፣ «ሌላ» የሚለው ደግሞ 9 ቢሆን ድምሩ 106 ይመጣል። ዕድል ከ100 አይበልጥም፤ ስለዚህ 55ን ለ106 አካፍሉ። የመሪው ዕድል ወደ 52 ወረደ። ያቺ 9 ሳንቲም እንዳታታልላችሁ። ተስፋ የሌላቸው ተወዳዳሪዎች ብዙ ጊዜ ከሚገባቸው በላይ ይሸጣሉ፤ እንደ ሎተሪ የሚገዛቸው አይጠፋም።

ከዚያ ገዢው ስንት እየሰጠ፣ ሻጩ ስንት እየጠየቀ እንደሆነ እዩ። ገዢ 41፣ ሻጭ 53 ካሉ ገጹ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙም ትርጉም የለውም። ምናልባት አንድ ሰው 20 ዶላር ይዞ ገብቶ በ53 ገዝቶ ይሆናል። እኔ እንዲህ ያለውን ገበያ «ከ41 እስከ 53» ብዬ መዝግቤ አልፋለሁ።

ደንቡን ማንበብ አሰልቺ ነው፣ ግን አንብቡት። በ2024ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ፖሊማርኬት በዋናነት የሚመለከተው ሦስት የዜና ተቋማት አሸናፊውን ማወጃቸውን ነበር። የካልሺ ውል ግን ቃለ መሐላ የሚፈጽመውን ሰው ነበር የሚጠይቀው። ጥያቄው ላይ ላዩን አንድ ነው፤ በመካከሉ ግን ከሁለት ወር በላይ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ክስም፣ ሞትም፣ ሌላም ሊመጣ ይችላል። ዋጋቸው ቢለያይ አትደንግጡ።

ትልቅ ገንዘብስ? በዚያው ምርጫ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ በብዙ አካውንት በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር በትራምፕ ላይ አስይዞ ነበር። ብዙዎች ዋጋውን ሆን ብሎ እያስወደደ ነው አሉ። ሰውዬው ግን የራሱን የአስተያየት ጥናት አስጠንቶ ነበር፤ ሰዎችን «ጎረቤታችሁ ማንን ይመርጣል?» ብሎ ያስጠይቅ ነበር። አሸነፈ። በ2012 ደግሞ ኢንትሬድ በሚባል የትንበያ ገበያ አንድ ነጋዴ በኦባማ በተሸነፈው በሮምኒ ላይ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ከሰከሰ። ገንዘቡ ውኃ በላው። ሁለቱም በወቅቱ ሲታዩ አንድ ዓይነት ነበሩ። ስለዚህ ዋጋ በድንገት ሲዘል ሌላ ገበያ እከፍታለሁ። እዚያም ከዘለለ ዜና አለ ማለት ነው፤ ካልዘለለ አንድ ሀብታም ገብቷል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ገበያው ሲስት ደግሞ በደንብ ይስታል። በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንደማትወጣ ያመነ ይመስል ነበር። በ2022 የአሜሪካን ሴኔት ለሪፐብሊካኖች ሰጥቶ ዴሞክራቶች ያዙት። በ2020 ባይደን ማሸነፉ ከታወጀ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ውሉ ከ1 ዶላር በታች የሚሸጥበት ገበያ ነበር። ሽንፈትን አልቀበል ያለ ሰው ገንዘብም ይዞ ይመጣል።

ምርጫው ሲያልቅ ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ። የሆነውን 1፣ ያልሆነውን 0 እለዋለሁ። 80 በመቶ (0.8) ብዬ ነገሩ ከሆነ ስህተቴ 0.2 ነው፤ በራሱ ሳባዛው 0.04። ካልሆነ 0.8 በ0.8፣ 0.64። ለገበያውም እንደዚሁ አሰላና አማካዩን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ ያነሰው ቁጥር የተሻለ ነው። እስካሁን ገበያው ይበልጠኛል። የሚያበሳጨኝ ግን የምሳሳተው ሁሌ በአንድ በኩል መሆኑ ነው፤ እንዲያሸንፍ የምፈልገው ሰው ላይ 10 ነጥብ እጨምራለሁ። አሁን ግምቴን ስጽፍ ከጎኑ «ደጋፊ ነኝ» ወይም «አይደለሁም» የምትል አንዲት ቃል እጨምራለሁ።